ያልተነኩት ፎቶዎች

የፎቶ ኤዲተሩ ዘፋኟን በአካል ካያት ይልቅ በስክሪን ያያት ይበዛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአልበሟን ሽፋን፣ ፖስተሯንና የማስታወቂያ ፎቶዋን ያሳመረው እሱ ነው። መጀመሪያ የመጣች ቀን ከግራ ጆሮዋ በታች ያለችውን ጥቁር ነጥብ አሳየችውና «ማርያም የሳመችኝ ናት፤ ለፖስተር ግን አትሆንም፣ አጥፋልኝ» አለችው ሳቅ ብላ። አጠፋላት። ከዚያ በኋላ መናገርም አላስፈለጋት፤ ፎቶዋ ሲመጣ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያች ነጥብ ነበር።

ዘፋኟ በቆዳ ካንሰር ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ታናሽ እህቷ ስለ በሽታው የሚያስተምር በጎ አድራጎት ድርጅት በስሟ አቋቁማ ታዋቂ ሰዎችን ታሰባስብ ጀመር። አንድ ቀን ጠዋት ሦስቱን ይዛ ወደ ስቱዲዮው መጣች፤ አንዲት ዜና አንባቢ፣ የብሔራዊ ቡድኑን በረኛና አገር ምድሩን የሚያስቀውን ኮሜዲያን። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሦስቱም ያለ ሜካፕ ፎቶ ይነሳሉ፤ ፎቶዋቸው ሳይነካካ መጀመሪያ በኤግዚቢሽን፣ ከዚያ በየአደባባዩ ይሰቀላል፤ ከሥሩ «ገላችሁን እዩ፤ ያልነበረ ነገር ካያችሁ ሐኪም አማክሩ» ይላል።

ኮሜዲያኑ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ «የኔ ፊት ሳይነካካ ከተሰቀለ ሕዝቡ ካንሰሩን ትቶ እኔን ነው የሚፈራው» አለ። ሁሉም ሳቁ። ኤዲተሩም ሳቀ።

እንግዶቹ ሲወጡ እህትየዋ ወደ ኋላ ቀረች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። የእህቴን ፎቶ መሃል ላይ መስቀል ፈልጌ ነበር፤ ነጥቡ ያለበትን። እኛ ቤት ያለው ሁሉ የተስተካከለ ነው። ፀጉሯን ጣል ስለምታደርግበት እኛም በደንብ አላየነውም። እናታችንማ በአንድ ሌሊት የበቀለ ነው የሚመስላት። ኦሪጅናሉ እርስዎ ጋ ይኖር ይሆን?»

«አይቀመጥም» አላት ቶሎ ብሎ። «ቦታ ይይዛል፤ እናጠፋዋለን።»

ውሸቱን ነበር። ሁሉም መሳቢያው ውስጥ ባለ ሃርድ ዲስክ ላይ በየዓመቱ ተደርድሯል። ከቀብሯ ወዲህ ግን ከፍቶት አያውቅም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም ራቀው። ነጥቧ በሌለችበት ቦታ ትታየው ጀመር። የደንበኛ አንገት ላይ ያያትና ዓይኑን አሻሽቶ ሲመለከት የለችም። የስክሪኑን አቧራ በጥፍሩ ይፍቃል፤ የሚፋቅ ነገር የለም። አንድ ቀን ሚስቱ ቁርስ ላይ፣ «ምን ሆነህ ነው ፊቴ ላይ እንዲህ የምታፈጠው?» አለችው።

«ምንም።»

በሳምንቱ የሦስቱን ፎቶ ለኅትመት ማዘጋጀት ያዘ። ሥራው መጠናቸውን ማስተካከል ብቻ ነው። የኮሜዲያኑን ከፈተና ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሄደ። ወደ ራሱ ሲመለስ በኮሜዲያኑ ግንባር ላይ የነበረው ቡናማ ምልክት የለም። እጁ አጥፍቶታል። መቼ እንዳጠፋው አላወቀም።

ማውዙን ለቀቀና የሌላ ሰው እጅ ይመስል እጁን ትክ ብሎ አየው።

ምልክቱን ወደ ቦታው መለሰ። ከዚያ መሳቢያውን ከፈተና ለእህትየዋ ደወለ። «ዋሽቼሻለሁ፤ ነይ» አላት።

ከሰዓት መጣች። አጠገቡ አስቀምጦ ዘጠኙን ዓመት በተራ አሳያት። በመጀመሪያው ፎቶ ነጥቧ የሰናፍጭ ፍሬ ታክል ነበር። በአራተኛው ዓመት ምስር አከለች። በሰባተኛው ጠርዟ ተሸራርፎ አንዱ ወገኗ ወደ አንገት ወርዷል። በመጨረሻው ቀለሟም አንድ አልነበረም፤ ጥቁርም፣ ቡናማም፣ ሰማያዊ ቢጤም። ዘፋኟ በሁሉም ላይ ትስቃለች።

«ታውቅ ነበር?» አለች እህትየዋ። አንቱታው ከአፏ ጠፍቷል።

«ካንሰር መሆኑን አላወቅኩም። ማደጉን ግን አውቅ ነበር። በየጊዜው የማጥፊያውን ብሩሽ ማስፋት ነበረብኝ።»

«አንድ ቀን እንኳን አልነገርካትም?»

«እንዳይከፋት ብዬ።»

አላለቀሰችም፤ አልተሳደበችም። ሃርድ ዲስኩን ነቅላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሳትሰናበተው ወጣች።

ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ዘጠኙ ፎቶዎች አንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ነበር። ዜና አንባቢዋ ንግግር አደረገች። በረኛው ከመጀመሪያው ፎቶ እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ ተመላለሰ። ኮሜዲያኑ ግንባሩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ መጣ፤ እህትየዋ ፎቶዎቹን አስቀድማ አሳይታው ኖሮ፣ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ምልክቱን አስወጥቷል። «በጊዜ መጣህ ተባልኩ» አለ ለተሰበሰበው ሰው። ያን ቀን አልቀለደም።

ኤዲተሩ ሹልክ ብሎ ሊወጣ ሲል የዘፋኟ እናት ከዘራቸውን ተመርኩዘው ወደ እሱ መጡ። እህትየዋ ክንዳቸውን ይዛለች።

«ፎቶዎቹን ያስቀመጥከው አንተ ነህ አሉኝ» አሉ እጁን በሁለት እጃቸው ይዘው። «እውነተኛ ፊቷን መለስክልኝ። እግዜር ያክብርህ ልጄ፤ ይቺ እጅህ ትባረክ።»

እህትየዋን አያት። አልነገረቻቸውም። እሷም ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። ለመናገር አፉን ሲከፍት አሮጊቷ እጁን ስመው ወደ ልጃቸው ፎቶ ዞረው ነበር።

እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ እስከ ቤቱ በእግሩ ሄደ። መንገድ ላይ ሊጨብጡት የቀረቡትን ሁሉ በአንገቱ ብቻ ሰላም እያለ አለፋቸው።