በሚስማር የተበሳው ቀበቶ

አሰለፈች በባሏ በካሴ ቀበቶ ላይ በሚስማር የተበሳውን አዲስ ቀዳዳ ያየችው ፋሲካ ካለፈ ከአምስት ሳምንት በኋላ ነበር። በሁዳዴ ሲከሳ ጾሙ ነው ብላ አልፋዋለች። በዓለ ሃምሳ ግን ጾም የለውም፤ ሰውየው ሥጋና ቅቤ እየበላ ነው የሚከሳው።

«መቼ በሳኸው?»

«ሰሞኑን። አንቺ እኮ ሳልሞት ጉድጓዴን ትለኪያለሽ!»

እውነቱን ነው፤ በልቧ የልቅሶውን ድንኳን ሳይቀር ተክላለች። እንደዚያው ሆና ከሚኖሩባት ከአርብ ገበያ ከተማ ባሕር ዳር ሆስፒታል ወሰደችው። የጉበት ስፔሻሊስቱ የተነሣውን የሆድ ምስል አይቶ የጉበት ካንሰር መሆኑን ነገራቸው።

«ዕጢው አንድ ነው፤ አልተሰራጨም። የቀረው ጉበት ደህና ስለሆነ ቆርጠን እናወጣዋለን» አላቸው።

«ሆዴን አላስቀድድም» አለ ካሴ።

«ቀበቶውን ሳታማክረኝ በሳኸው። ይኼን ግን እኔ ወስኛለሁ» አለችው።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ክትትሉ በየሦስት ወሩ ስለሚቀጥል ስጋቷ አልለቀቃትም። ከታመመ ጀምሮ ማታ ማታ በሩን የምትዘጋው እሷ ነበረች። ቤታቸው በገቡ በሳምንቱ፣ እንደልማዷ ልትዘጋ ስትነሣ፣

«ተቀመጪ» አላት።

በአንድ እጁ ቁስሉን ደግፎ ተነሣና የበሩን መወርወሪያ ገፍቶ ዘጋው።