ጋሙ ቀድሞ ደረቀ

ከትምህርት ቤት የወጣሁት ከሦስተኛ ክፍል ነው። ጋም በመላጥ ነው ያደግሁት፤ ያንን ብርቱካን መሳይ ፍሬ ልጬ፣ በክር አንጠልጥዬ፣ አድርቄ እሸጣለሁ። እንዲያም ሆኖ የከተማችን የሳንግጁ ፊልም ማኅበር አባል ነኝ። ማንም አልጋበዘኝም፤ ራሴ ገብቼ ተቀመጥኩ።

እሁድ ጠዋት ተሰብስበን ድሮ የተሠሩ፣ በጥቅል በጥቅል ተከፍለው በየቆርቆሯቸው የተቀመጡ ፊልሞችን እናያለን። ሲያልቅ እያንዳንዱ ሰው የአንድ መስመር አስተያየት ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፤ ከዚያ ክርክር ነው። ጡረተኛው መምህር ፕዮ ደግሞ ለከተማችን ጋዜጣ ሂስ ይጽፋሉ።

ፊልሙን የሚያጫውተው ጋሽ ዳልሱ ነው። አርባ ዓመት ከዚያች ከላይ ካለችው ጠባብ ክፍል አልወጣም። ባለፈው ሐምሌ አንዱን ጥቅል ገልብጦ አጫወተና የሲኒማ ቤቱ ባለቤት፣ «አንድ ስህተት ብትደግም ቁልፉን ታስረክባለህ» አለው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን።

የዚያ እሁድ ፊልም የእናትና የልጅ ታሪክ ነበር። ልጁ ጋም ጨብጦ ቢላውን ሲያስጠጋ ድንገት ሌላ ነገር መጣ፤ እናትየው ብቻዋን የደረቀ ጋም በሣጥን ትደረድራለች። ከዚያ በረዷማው ክረምት። ከዚያ ደግሞ ልጁ ከች ብሎ ይልጣል፣ ከእናቱ ይጣላል፣ ጥሏት ይሄዳል።

መብራት ሲበራ መምህር ፕዮ ዓይናቸውን እየጠረጉ ተነሡ። «ጊዜ ወደ ኋላ ሲሄድ አያችሁ? ልጁ እኮ የለም! ትዝታዋ ነው። እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም።»

«እኔም ወዲያው ነው የገባኝ» አለች ፋርማሲ ያላት እትዬ ታክ። ለእሷ የማይገባት ፊልም የለም።

እኔ አላስቻለኝም። «ጋሙስ?»

«የምን ጋም?»

«ልጁ ቢላውን አስጠግቶ ነበር። ሳይልጠው ጋሙ ነጭ ዱቄት አውጥቶ ቁጭ አለ። ያ ሁለት ወር ሙሉ ተሰቅሎ የሚመጣ ነገር ነው! ኋላ ደግሞ ያው እጅ፣ ያው ቢላ፣ ከቆመበት ቀጠለ።»

«የጋም እመቤት!» ሲሉ ሳቁብኝ። «ፊልሙን ትታ ጋም ስታይ ዋለች!»

መምህር ፕዮ ግን አልሳቁም። «ታዲያ ቡንሬ፣ ፊልሙን የሠራው ሰው ስለ ጋም አያውቅም ነው የምትይው?»

ቀና ስል በላይኛዋ ክፍል ትንሽ መስኮት የጋሽ ዳልሱን የደነገጠ ፊት አየሁት። ያኔ ገባኝ፤ ጥቅል አቀያይሯል። «አዎ፣ አያውቅም» ብል ነገሩ እዚያው ያበቃል፣ ቁልፉም እጁ ላይ ይቀራል። አፌን ከፈትኩ። ግን ያቺ እናት ጋሙን በአውራ ጣቷ ገፋ እያደረገች ስታዞረው አይቻለሁ። እናቴም እንደዚያ ነበር የምታዞረው። ይህን የቀረጸ ሰው አያውቅም ልበል?

«ያውቃል» አልኩ። «ከሁላችንም በላይ ያውቃል።» የጥቅሉን ነገር ግን አላነሣሁም።

ጋሽ ዳልሱ ደረጃውን ቀስ እያለ ወርዶ ቆቡን አወለቀ። «ሦስትና አምስት ተቀያይረውብኛል» አለ። «ቆርቆሮው ላይ ያለው ቁጥር አይታየኝም። ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል።»

መምህር ፕዮ የጀመሩትን ሂስ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲያ ፊልሙን አላየነውም ማለት ነው። እኔ ግን አልቅሻለሁ እኮ!»

«እንባዎን ይመልሱ!» አለች እትዬ ታክ። ሁሉም ሳቀ፤ ጋሽ ዳልሱ ብቻ አልሳቀም።

ሌሎቹ ከባለቤቱ እንደብቀው ሲሉ እምቢ አልኩ። ዛሬ ቢደበቅ በሌላ እሁድ መደገሙ አይቀርም። ሰኞ ራሴ ሄጄ ለባለቤቱ ነገርኩት።

«ዓይኑ ካልሠራ ምን ያደርግልኛል?»

«እጁ ይሠራል። ዓይን እኔ አለኝ።»

«አንቺ? ፊደል እንኳ በቅጡ አታነቢም!»

«ቁጥር አነባለሁ። እሁድ እሁድ አጠገቡ እቀመጣለሁ።»

እስከ ምሳ ሰዓት ከበሩ አልተነሣሁም። ሲሰለቸው፣ «እንግዲያው ቢሳሳት ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» ብሎኝ ገባ።

በሚቀጥለው እሁድ ያንኑ ፊልም በቅጡ ለማየት ሁሉም ተመልሶ መጣ። እኔ ከላይ ነኝ። የጋም ሣጥኖቼ ላይ በምጽፍበት ቀይ ቀለም ቆርቆሮዎቹ ላይ ቁጥሩን በሰፊው ጽፌባቸዋለሁ። ሁለተኛው ጥቅል ሊያልቅ ሲል ጋሽ ዳልሱ እጁን ዘረጋ።

«ቀጥሎ?»

«ሦስት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

በመስኮቷ አጮለቅሁ። «ልጁ ቢላውን አስጠግቷል፣ ጋሼ። ቶሎ በል፣ ይላጥ።»