ባለ ኤክሱ ሞተር

የሞተሩ ታርጋ ላይ «ኤክስ» የሚል የፈረንጅ ጽሑፍ ነበር። ጎረቤቴ ትሕትና አየችውና «ካሲ፣ ይሄ ምስኪን የድሮ ፍቅረኛውን አልረሳም» ብላ አሳቀችኝ። ሳቅኩ እንጂ ምን ማለት ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ የተቃጠለ ሞተር መጠቅለል ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመቴ ነው፤ አዋቂ ደግሞ ለመጠየቅ ያፍራል።

ያመጡት ጋሼ ፈቀደ ናቸው። በጅማ መስመር ወፍጮ ቤት ያላቸው ነጋዴ ስለሆኑ የወፍጮ ሞተር መሰለኝ። የተቃጠለውን ሽቦ አውጥቼ አዲስ ጠቀለልኩ። ክዳኑ ግን አናደደኝ፤ ወፍራም፣ ዙሪያው ጥርቅም ያለ፣ ትንፋሽ የማያስገባ። እንዲህ ታፍኖ እንዴት አይቃጠል ብዬ አራት ቀዳዳ በሳሁለት። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይሄ ነው። ጋሼ ፈቀደም ዛሬ ጠዋት መርቀውኝ ወሰዱት።

ከሄዱ በኋላ ከሞተሩ የወጣውን ብናኝ ጠርጌ ሻይ የጣድኩበት ምድጃ ላይ በተንኩት። ቦግ ብሎ ቅንድቤን ለበለበኝ። ግራሶ የጠጣ ዱቄት ያልኩት የድንጋይ ከሰል ኖሯል።

ቴክኒክና ሙያ ላስተማሩኝ ለጋሼ ጌታሁን ደወልኩ።

«ኤክስ ማለት ምንድነው?»

«ጋዝ ላለበት ቦታ የተሠራ ማለት ነው፤ እንደ ከሰል ዋሻ። ሞተሩ ውስጥ ብልጭ ቢል እሳቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ነው ክዳኑ የሚወፍረው። ብቻ ቀዳዳ እንዳታበጂበት።»

«አራት በስቻለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ ለጋሼ ፈቀደ ደወልኩ።

ጋሼ ፈቀደ ስልክ አያነሱም። የብሎን መፍቻዬን ይዤ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ጋሼ ፈቀደ ጭነት እስከሚያስነሱበት እስከ አየር ጤና አርፌ መቀመጥ አቃተኝ። ረዳቱ «እናት፣ ተረጋጊ እንጂ» ቢለኝ ሰደብኩት፤ እሱ ምን አጠፋ።

ሞተሩን የጫነው አይሱዙ ሊነሳ ሲል ደረስኩ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ የት ነው የሚሄደው?»

«ለከሰል ዋሻችን ነዋ፣ ለአየር ማስገቢያው። ልጄ ጌድዮን ከስምንት ሰው ጋር እየቆፈረ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ያለ አየር።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አልኩ።

«ታዲያ ልጄ ታፍኖ ይሙት? ይድረስና ቀዳዳውን እዚያው ይደፍኑታል።»

«በምን? በማስቲካ?» ብዬ መኪናው ላይ ወጣሁ። ብሎኑን ፈትቼ ክዳኑን ታቀፍኩ። «ኩሽኔታው እዚህ ላይ ነው፤ ያለሱ ሞተሩ አይዞርም። ይደውሉለት፣ ሰዎቹን ያስወጣ።»

እየተቆጡ ደወሉ። ዋሻው ውስጥ ኔትወርክ የለም። አንዴ ሞከሩ፣ አልተገኘም። ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቁጣቸው ጠፍቶ ጣታቸው ቁጥሩን መሳት ጀመረ። እኔ ስምንቱን ሰዎች አላውቃቸውም፤ ግን የሁሉም እናት የምታየኝ መሰለኝ።

በአምስተኛው ጠራ፤ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«አባዬ፣ ለምሳ ወጥተን ነው። ሞተሩ ተነሳ?»

ጋሼ ፈቀደ መኪናውን ተደገፉ። «አልተነሳም። ሁላችሁም ውጭ ናችሁ?»

«ሁላችንም።»

«እንግዲያው ማንም እንዳይመለስ። ደህና ሞተር ሳይገባ ማንም አይገባም። ይሄኛው ተበላሽቷል።»

«ማነው ያበላሸው?»

አቀረቀርኩ። ጋሼ ፈቀደ ክዳኑን ከእቅፌ ወሰዱና ጣታቸውን በአንዱ ቀዳዳ አሾለኩ።

«እኛ ነን» አሉት። «እኔ ሞተሩ ለምን ሥራ እንደሆነ አልነገርኩም፤ እሷም አልጠየቀችም።»