የበርሜሉ አፈር

ይመኙሽ እንደ ወትሮዋ ጎህ ሲቀድ ተነሣች። ከቦኖ ቀድታ ያሳደረችውን ውሃ እየጨለፈች በረንዳው ላይ የተደረደሩትን የሳልሳ ጣሳዎች አንድ በአንድ አጠጣች። የጎመኑና የቆስጣው ችግኝ አራት አራት ቅጠል አውጥቷል። ትልልቆቹ የቤንዚን ቆርቆሮዎች ባዷቸውን ናቸው፤ የደከመው አፈራቸው ጥግ ላይ ተከምሯል። የማታውን የሽንኩርት ልጣጭ ይዛ ወደ ጓሮ ወረደች፤ በርሜሉ ላይ የተከደነውን ጆንያ ገለጥ አድርጋ ልጣጩን ጨመረችና በእንጨት አገላበጠችው። ሞቅ ያለ የአፈር ሽታ ወጣ። መልሳ ከደነችው፤ እጇን ታጠበች፤ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ቀኑ ኅዳር ሚካኤል ነበር።

ቤቱ ከፒያሳ ጀርባ ያለ፣ ጣልያን ሠርቶት የሄደ ባለ ፎቅ ነው። ግቢው በሙሉ ሲሚንቶ ስለሆነ አንድ ስንዝር መሬት የለውም። ቆርቆሮዎቹን የሰበሰበው ባሏ ሐዲስ ነበር። የጭነት ማኪና ሾፌር ስለነበረ ከሳንጃ ሰሊጥ ጭኖ ሲመለስ ትክል ድንጋይ ላይ ይቆምና ከዛፍ ሥር ጥቁር አፈር በጆንያ ሞልቶ ያመጣላታል። ጆንያው ከሰው ጆንያ እንዳይቀላቀል ስሙን በቀይ ቀለም ጽፎበታል፤ አሁን በርሜሉን የሚከድነው ያው ጆንያ ነው። በቆርቆሮ ውስጥ ያለ አፈር ሁለት ጊዜ ካበቀለ ይደክማል፤ ይመኙሽ ግን አትደፋውም። ከበርሜሉ ብስባሽ ጋር ደባልቃ መልሳ ትሞላዋለች።

ሐዲስ ሰኔ መግቢያ ላይ ከሳንጃ ወባ ይዞ መጣ፤ አልተነሣም። ስለዚያ ሳምንት ይመኙሽ ለማንም አውርታ አታውቅም።

በአርባው የባሏ ታላቅ ወንድም ሐብተ ማርያም ከትክል ድንጋይ መጥቶ ነበር። ሴት ብቻዋን ከተማ መኖሯ አላማረውም፤ እሱ ቤት ሆና የእሱን እንጀራ እንድትበላ ለመናት። ቆርቆሮዎቹ ያሳድሩኛል ብትለው ፈገግ አለ።

«እንግዲህ ለገና እመጣለሁ» አለ ሲነሣ። «በእጅሽ ስታድሪ ካየሁ አፌን አልከፍትም። ካልሆነ ግን በቅሎ ይዤ ነው የምመጣው፣ እቴ።»

ስለዚህ ተስፋዋ ሁሉ የገና ጾም ላይ ነበር። ጾሙ ከሚካኤል በኋላ በሦስተኛው ቀን ይገባል፤ ያን ጊዜ የፒያሳ ሰው ሁሉ ጎመን ፈላጊ ነው። ብስባሹ ደርሷል፤ ከበዓሉ ማግስት አፈሩን ደባልቃ ችግኙን ልታዛውር ቆርጣለች።

ከቅዳሴ ስትመለስ ከተማው እንደየዓመቱ በጭስ ታፍኗል። ኅዳር ሲታጠን ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ጠርጎ ደጁ ላይ ያቃጥላል። ግቢያቸው በር ላይም እሳት ይነዳል። ታች ቤት ጠላ የምትሸጠው እናኑ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆማለች፤ ከጎኗ በርሜሉ ባዶውን ተጋድሟል።

«ምነው ዘገየሽ? ያንቺንም አብረን አወጣነው» አለች እናኑ።

«የኔን ምን?»

«በርሜሉን ነዋ። ሐዘንተኛ ናት፣ መጥረጊያ ማንሣት አቅቷት ነው ብዬ ዝም አልኩሽ እንጂ ይሄን ሁሉ ወር ልጣጭ ስታከማቺ አይሻለሁ። በሚካኤል ቀን እንኳ ደጅሽ ይጥራ ብዬ ነው።»

ይመኙሽ እንጨት አነሣችና እሳቱን በተነችው። ገለባውና ቅጠሉ ነዷል፤ አፈሩ ቀልቶ ከአመዱ ጋር ተደባልቋል። አመዱን ከዳር እስከ ዳር ፈተሸችው፤ ጨርሳ እንደገና ፈተሸችው።

«ምን ጠፋብሽ?» አለች እናኑ።

«ምንም።»

ነገሩ ለእናኑ የገባት ይመኙሽ ስለ አፈሩ ስትነግራት ነው። ደረቷን ደቃች፤ ገንዘብ ልክፈልሽ አለች። ይመኙሽ ገንዘቡን ሳይሆን ትልቁን ቅርጫቷንና ከጠላው የሚተርፈውን አተላ ጠየቀቻት።

አመድ ብቻውን ሥር እንደሚያቃጥል ታውቃለች። አዲስ ብስባሽ እስኪደርስ ብትጠብቅ ጾሙ ያልፋል። ነገር ግን በርሜሉ አንድ ነገር አስተምሯታል፤ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚበስለው ከታች ያለው ነው። በቅዳሜ ገበያ ቅርጫቱን አዝላ በቅሎዎች ወደሚታሰሩበት ሜዳ ሄደች። የላይኛውን ትኩስ ፋንድያ ገፍታ ስትቆፍር ከሥሩ ለዓመታት የተረገጠው ጥቁር አፈር ሆኖ ቆያት። በእጇ አሸችው፤ አይሸትም።

ነጋዴዎቹ ተጠቃቀሱ። «እመቤት፣ በቅሎዋንም ጨምረን እንሽጥልሽ?» አለ አንዱ።

«እሷ እዚሁ ትቆይና ሥራዋን ትሥራ» አለችው ሳትነሣ። ሁሉም ሳቁ።

የሐዲስ የሥራ ጓደኛ ክንዱ ማኪናውን ይዞ ሲያልፍ አያትና ቆመ። ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ምነው ይመኙሽ? የሐዲስን ስም ፋንድያ ላይ ትጥይዋለሽ?»

«ስሙ የሚወድቀው እኔ የሰው እጅ ሳይ ነው» አለችው። «ማኪናህ ባዶ ከሆነ ይልቅ ጫንልኝ።»

ክንዱ ኮቱን አወለቀ።

የደከመውን አፈር ከገበያው አፈር ጋር ደባለቀችው፤ ከአመዱ በጣቷ ብቻ እየቆነጠረች በተነችበት፤ አተላውን በብዙ ውሃ አቅጥና አጠጣችው። እናኑ ደረጃውን ስትወጣና ስትወርድ ዋለች፤ ጠላ ጠጪዎቿ እንኳ ራሳቸው ቀድተው ጠጡ። ችግኙ መጀመሪያ ጠወለገ። ይመኙሽ ፀሐዩን በነጠላዋ ጋረደችለት፤ ማለዳ ማለዳ ከቆርቆሮዎቹ ፊት ቁጢጥ እያለች ታየው ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ቀና ብሎ አገኘችው። ጾሙ ሲጋመስ የመጀመሪያውን ጎመን ቀጠፈች፤ እናኑ ለጠላ ጠጪዎቿ ሁሉ አወራችና ገዢው ደረጃው ላይ ተሰለፈ። ይመኙሽ የቤት ኪራይዋን ከፍላ ጤፏን ገዛች።

ሐብተ ማርያም በገና ዋዜማ መጣ፤ በቅሎዋን ጭኖ ነበር። በረንዳው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮዎቹን ዞሮ አያቸው። ገበሬ ነውና ቅጠሉን ትቶ አፈሩን አነሣ፤ አሸው፤ አሸተተው።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከገበያ፣ አያ ሐብተ ማርያም። በቅሎዎች ከሚታሰሩበት።»

የሠራችለትን ጎመን በላ። ከዚያ «ሸጋ ነው» አለ። ስለ መሄድ አንድም ነገር አላነሣም። ይመኙሽ ለሚስቱ የቆስጣ ችግኝ በሳልሳ ጣሳ አድርጋ ሰጠችው፤ ባዶዋን በቅሎ እየሳበ ሄደ።

ይመኙሽ ወደ ጓሮ ወረደች። በርሜሉ እንደገና ተጋምሷል። የዕለቱን ልጣጭ ጨመረች፤ አገላበጠች፤ በአሮጌ ሰሌን ከደነችው። የሐዲስ ጆንያ የለም።