አዋቂ ሲገኝ ይታይ

ሊቨርዎርት የሚባለው ተክል እርጥብ ግንድ ላይ ተለጥፎ የሚኖር፣ አበባ እንኳ የሌለው፣ ሰው ዞር ብሎ የማያየው ነገር ነው። የዕፅዋት ባለሙያዋ አባት ግን በባሕር ጠረፍ ደን ውስጥ እሱን ሲለቅም ዕድሜውን ጨረሰ። የእናቷም ቀብር ላይ ከደን አርፍዶ ቢደርስ፣ ልጁ በለቀስተኛው ሁሉ ፊት "ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም" አለችው።

ሰባት ዓመት ተኮራረፉ። በመጨረሻ አንጀቷ አልችል ቢላት "አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ" ብላ ደብዳቤ ላከች። መልስ የለም። በአምስተኛው ወር መሞቱን ሰማች። አንብቦት ይሆን? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳት።

የሰበሰበው ሁሉ በአሥራ አንድ ካርቶን ታጭቆ እሷ ወደምትሠራበት የደረቁ ዕፅዋት ክፍል መጣ። ደረቁን ተክል ከታጠፈበት ወረቀት ታወጣለች፤ ጠብ የምታደርግበት ውኃ እንደገና ያለመልመዋል፤ በማይክሮስኮፕ አይታ ትለየዋለች። የሰብሳቢው ጽሑፍ አይነካም። ከሥሩ ምንነቱን፣ የለየውን ሰውና ቀኑን የያዘ አዲስ ወረቀት ይለጠፋል።

የመጨረሻዎቹ ካርቶኖች ግን ጉድ ነበሩ። አባቷ የጻፈው የተክል ስም ሁሉ ተሳስቷል፣ ፊደሉ አንዱ አንዱ ላይ ወጥቷል።

"አባትሽ ኋላ ላይ ሳይሰለቻቸው አልቀረም" አለ ባልደረባዋ። "ይሄንን'ኮ ጀማሪም አይሳሳተውም።"

"ምን ግዱ!" አለች። "ለሰው ያልሆነ ለቅጠል ይሆናል?"

አሥራ አንደኛው ካርቶን ሥር፣ አባቷ መለየት ሲያቅተው "ያልታወቀ፤ አዋቂ ሲገኝ ይታይ" እያለ የሚያስቀምጣቸው ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ ወፈር ይላል። ስታወጣው የራሷ ፖስታ ነው። አልተከፈተም።

ላዩ ላይ በትልልቅ፣ በተንጋደደ ፊደል እንዲህ ይላል፦ "ይህን ያመጣው ሾፌር ከልጄ ነው አለኝ። ዓይኔ ማንበብ እምቢ ካለኝ ቆየ። ባዳ እንዲያነብልኝ አልፈለግሁም፤ ስድብም ቢሆን የኔ ነው። አዋቂ ሲገኝ ይታይ።"

ባልደረባዋ በትከሻዋ በኩል አንብቦ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። እሷ ከካርቶኑ አጠገብ ቁጭ ብላ፣ እየሠሩ ያሉ ሰዎች መኖራቸውንም ረስታ ተንሰቀሰቀች። አምስት ወር ሙሉ፣ ስድብ ይሆናል እያለ፣ ከሚሳሳላቸው ነገሮች ጋር አስቀምጦላት ነበር።

ሲወጣላት ፊቷን ጠረገች። አዲስ ወረቀት ስባ ከጽሑፉ ሥር ለጠፈች፦

"ስድብ አይደለም። የለየችው፦ ልጅህ።"

ከሥሩ ቀኑን ጻፈች።