ሦስተኛው ፕሮግራም

ዞርኒጻ ቪዲን ከተማ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት፤ ካሜራ በወጉ ይዛ አታውቅም። አባቷ ራዶይ ዓሣ ማስገሩን ሊተው ለመጨረሻ ጊዜ ዳኑብ ወንዝ ላይ የወጣ ዕለት ግን፣ ከሥራ ባልደረባዋ ካሜራ ተውሳ አብራው ጀልባ ላይ ተሳፈረች። ካሜራው ለካ ምስሎቹን እንዳነሳቸው በጥሬው፣ ያለ ማስተካከያ ፕሮግራም በማይከፈት መልክ የሚያስቀምጥ ኖሯል፤ ላፕቶፗ ላይ ስትገለብጣቸው አንዱም አልከፈት አላት።

ከዚያ ወዲህ መቀመጫ አጣች። ባሏ ፕላመን አንድ የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም አወረደላት። ስትከፍተው የማታውቀው ቁልፍና መስመር ስክሪኑን ሞላው፤ አንዱን ብትነካ ሰማዩ ወይን ጠጅ ሆነ። ደንግጣ ዘጋችው። ሁለተኛውን ራሷ ፈልጋ አመጣች። እሱ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ሁሉንም አሳመረ።

"አባዬ፣ ና እስቲ እየው።"

ራዶይ መነጽሩን አድርጎ ተጠጋ። "ይሄ ማነው?"

"አንተ ነህ እንጂ!"

"እኔ? ፊቴን ማን ተኮሰው? ሙሽራ አስመሰልሽኝ እኮ!"

ፕላመን ከወጥ ቤት ሆኖ ሳቀ። "አንቺ ሴትዮ፣ አንዱን ይዘሽ እረፊ! ባል እንኳ እንዲህ አላማረጥሽም።"

"ባማርጥማ ኖሮ አንተ እጅ እወድቅ ነበር?"

ጣቷ አላረፈም። ሦስተኛ ፕሮግራም አወረደች። የዚህኛው መልኩ ደረቅ ነው፤ ብርሃንና ጥላን ግን ለየብቻ፣ በተራ ቃል ጽፎ አስቀምጧል። "ጥላ" የሚለውን ቀስ አድርጋ ገፋችው። የጀልባው ሆድ ታየ፤ መረቡ ታየ፤ ከሰል መስሎ የነበረው የወንዙ ዳር ቀስ በቀስ ነጣ። ከአኻያው ዛፍ ሥር አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል።

"ቬልኮ!" አለ ራዶይ።

ወንድሙ ነው። በእናታቸው ቤት ውርስ ከተጣሉ ወዲህ መንገድ ላይ ሲገናኙ እንኳ ፊት ይዟዟራሉ።

"መጥቶ ነበር? ድምፁን ሳያሰማ?"

"እኔም አላየሁት፣ አባዬ።"

"አንዴ ዞር ብል ምን ነበረበት!" ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ። "በወረቀት አውጪልኝ። ቆይ፣ ተይው፤ እስኪወጣ አልጠብቅም።" ካፖርቱን አንድ እጅጌ ብቻ አጥልቆ ወጣ።

ዞርኒጻ በመስኮት አየችው። መታጠፊያው ላይ ቆመ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደና ተሰወረ።

"ልከተለው እንዴ?"

"ተይው" አላት ፕላመን።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፕሮግራሞች ሰረዘች። ሥራው ግን አልሄድ አላት፤ በመስኮቱና በወንበሩ መካከል ስትመላለስ ቆየች። ወደ ማምሻው ስልኳ ጮኸ።

"እራት አትጠብቁኝ" አለ ራዶይ። "ቬልኮ ዓሣ ልጥበስልህ ብሎ እያሳረረው ነው። ዛሬም አልለመደም፣ ይሄ ሰውዬ!"