ድምፅ የጎደለው ሸክላ

ዌንደል ኦሮስ ቶሊዶ ከተማ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ያደለ ሰው ነው። ሱቄ የሚመጣው ረቡዕ ረቡዕ ነው፤ ኮሚክ የሚባሉት አዳዲስ የሥዕል ታሪክ መጽሔቶች የሚገቡት በዚያ ቀን ስለሆነ። ጡረታ ከወጣም በኋላ ቀኑን አልለወጠም። እኔ ላይል እባላለሁ፤ ከፊት ኮሚክ፣ ከኋላ አሮጌ የዘፈን ሸክላ እሸጣለሁ። ዌንደል መጀመሪያ ከፊት ይጀምርና ወደ ኋላ ያልፋል።

በሁለቱም ነገር የማይነቃነቅ አቋም አለው። ዘፈን ከሦስት ደቂቃ ካለፈ ለእሱ ንግግር ነው። ከበሮ ከድምፅ በፊት መግባት አለበት። ጀግና ደግሞ ጭምብሉን ለማንም ማውለቅ የለበትም፤ ለሚስቱም ቢሆን። ጀግናው ሲያገባ ዌንደል ኮሚኩን መግዛት ያቆማል፤ ሲፋታ ይመለሳል።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ «መዳብ ጭምብል» ለሚባል ኮሚክ አዘጋጆች ደብዳቤ ጻፈ። ጀግናው በዚያ ወር እትም ላይ ጭምብሉን አውልቆ ለአንዲት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ፊቱን አሳይቶ ነበር። ዌንደል ይህ ክህደት ነው አለ። ደብዳቤው ከነአድራሻው ታተመ፤ ያኔ እንዲያ ነበር ልማዱ። ከሁለት ወር በኋላ ጂ. ሻትኮ የሚባል የኢሪ ከተማ አንባቢ መልስ ሰጠ፤ «የቶሊዶው ልጅ አንድ ቀን ሴት ፊት ሲቀመጥ ነገሩ ይገባው ይሆናል» ይላል። ዌንደል በንዴት አራት ገጽ ጽፎ በቀጥታ ወደ ኢሪ ላከ። መልሱ አምስት ገጽ ሆኖ መጣ። ጂ. ሻትኮ ጄኔቪቭ የምትባል እኩያው መሆኗን ያወቀው ከዓመት በኋላ፣ ስሟን ሙሉ አድርጋ ስትፈርም ነው።

ከዚያ ወዲህ ከሃምሳ ዓመት በላይ ተጻጻፉ። ርዕሳቸው ሁለት ብቻ ነበር፤ ጀግኖችና ዘፈን። ከቶሊዶ ኢሪ በመኪና ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ግን ተገናኝተው አያውቁም። ለምን እንደሆነ አንዴ ጠይቄው «ተገናኝተን ምን እናደርጋለን?» አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ።

አንድ ጊዜ በደብዳቤዋ ግርጌ «ባለቤቴ ባለፈው ማክሰኞ ሞተ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ አዲሱ የኮሚክ ሠዓሊ እጅ መሳል እንደማይችል ቀጠለች። ዌንደል ምን ብሎ እንደሚመልስ ሦስት ሳምንት ሲያስብ ከረመና «የፖምሮይ እህቶች» የሚባሉትን፣ አንዷ የምትዘፍን ሌሎቹ መሣሪያ የሚጫወቱ እህትማማቾች ሸክላ በፖስታ ላከላት፤ አንድ መስመር እንኳ አልጻፈበትም። እሷ ሸክላውን በሁለት ገጽ ነቀፈችው። ነገሩ ለሁለቱም የተስማማቸው ይመስለኛል።

ከጠባቸው ሁሉ የከረመው የሞኖና የስቴሪዮው ነው። በዚያ ዘመን ስቴሪዮ ሲቀዳ ብዙ ጊዜ ዘፋኙን በግራ፣ መሣሪያውን በቀኝ ያደርጉት ነበር። ሞኖ ሁሉንም ቀላቅሎ በሁለቱም ጆሮ እኩል ነው የሚሰጠው። ጄኔቪቭ ሞኖ ነው የምትወደው፤ «አንድ ክፍል ውስጥ የዘፈኑ ሰዎች ምን አጣልቷቸው ነው የሚለያዩት?» ትላለች። ዌንደል ደግሞ ስቴሪዮ በሄድፎን ይሰማል፤ ዘፋኟ በግራው በኩል አጠገቡ የተቀመጠች ይመስለዋል። «ሞኖ አንድ ጆሮ ላለው ሰው ነው» ብሎ ጽፎላታል፤ ያውም ደጋግሞ።

ባለፈው ዓመት በመከር ወራት አንድ ረቡዕ፣ እንደገና የታተመ የፖምሮይ እህቶች ስቴሪዮ ሸክላ ይዞ መጣ። ከእኔው የገዛው ነው።

«ይሄን መልስልኝ፣ ተበላሽቷል» አለ።

«ምኑ?»

«ዘፋኟ የለችም። መሣሪያው ነው ያለው። እሷን ጎረቤት ቤት አስገብተው ያዘፈኗት ነው የሚመስለው።»

ሱቁ ውስጥ ባለው ማጫወቻ ላይ አደረግኩት። ዘፈኑ ከሁለቱም የድምፅ ማጉያ ሳጥኖች ወጥቶ ቤቱን ሞላው።

«ይኸው ትዘፍናለች» አልኩት።

«እዚህማ ትሰማለች» አለ ግራ ገብቶት።

«እንግዲያው ሄድፎንህ ነው።»

አዲስ ሄድፎን ገዛ። በሳምንቱ መጥቶ እሱም እንደ አሮጌው መሆኑን ነገረኝ። «የአንድ ፋብሪካ ልጆች ናቸው» አለ። ያኔ ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፅ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። በግራው በኩል ሆኜ ሳናግረው እንደማይመልስልኝም አይቼ ነበር። ግን ድሮም ቢሆን ሲፈልግ ስለሚዘጋኝ ከምንም አልቆጠርኩትም።

ለጄኔቪቭ ስለ ሸክላው መበላሸት ሦስት ገጽ ጻፈላት። መልሷ በስምንተኛው ቀን መጣ። ዌንደል ወረቀቱን አምጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋልኝ። እስከዚያን ቀን ከጻፈችለት ሁሉ አጭሩ ነው።

«ዌንደል፣ ዘፋኟ በግራ በኩል ናት። ሄድፎንህን ገልብጠህ አድርገውና ስማ። ከዚያ ጻፍልኝ።»

«አደረግከው?» አልኩት።

«አደረግኩት።»

«እና?»

«መጣች። መሣሪያው ጠፋ።» ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «ጆሮዬ ነው ማለት ነው።»

«ሐኪም ጋ ሂዳ።»

«ሽማግሌ ሆኛለሁ፣ ምን ይለኛል? ሌላኛው ይሠራል።»

ለእሷም «ልክ ነሽ» ብሎ ጻፈና በዚያው ደብዳቤ ወደ ኮሚክ ወሬ አለፈ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ ቀን፣ አጭር ሴትዮ ከባድ ካርቶን ታቅፋ ገባች። ሰማያዊ የሹፌር ጃኬት ለብሳለች።

«ዌንደል ኦሮስ የትኛው ነው?» አለችኝ።

ወደ ኋላ አመለከትኳት። ዌንደል ግራ ጎኑን ሰጥቶ ሸክላ እያገላበጠ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠራችው፤ አልዞረም። ካርቶኑን አስቀምጣ በቀኙ በኩል ዞረችና «ዌንደል» አለችው፤ «ጄኔቪቭ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አያት። «አጭር ነሽ» አለ።

«አንተም ራሰ በራ ነህ። ጨረስን? ቀጠሮ ይዘሃል?»

«የምን ቀጠሮ?»

«የጆሮ።»

«አልያዝኩም። ለአንድ ጆሮ ብለሽ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የነዳሽው?»

«ሁለቱም ቢደክሙ አርጅቷል ብዬ እተወው ነበር» አለችው። «አንዱ ብቻ ሲጠፋ ግን ሌላ ነገር ነው። የባሌም እንዲህ ነው የጀመረው።»

ዌንደል እጁ ላይ የነበረውን ሸክላ መለሰ። «ባልሽ በዚህ እንደሞተ አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅከኝማ።»

እሷ ወደ እኔ ዞራ ስልክ ለመነችኝና ቆማ ቀጠሮ አስያዘችለት። ስትጨርስ ካርቶኑን ከፈተች፤ አሥራ አንድ ሞኖ ሸክላዎች፣ ሁሉም የራሷ። «እስከዚያው እነዚህን ስማ» አለችው።

አንዱን አጫወትኩለት። ሄድፎኑን አድርጎ እንደቆመ እስከ መጨረሻው ሰማ። ዘፋኟም መሣሪያውም በአንዱ ጆሮው ገቡለት። ሲያወልቀው ዓይኑ ቀልቷል፤ ድምፁ ግን እንደ ወትሮው ነበር።

«ከበሮው ትንሽ ታፍኗል» አለ።

«ታፍኗል» አለች።

በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሐኪሞቹ በግራ ጆሮው ነርቭ ላይ ቀስ እያለ የሚያድግ እጢ አገኙ፤ የቼሪ ፍሬ ያክላል። ካንሰር አልነበረም፤ ቢቆይ ግን አንጎሉን መጫኑ አይቀርም ነበር አሉት። በጥር ወጣለት። ጆሮው አልተመለሰም። ሁለት ወር ያህል ሲራመድ መርከብ ላይ ያለ ሰው ይመስል ነበር።

ጄኔቪቭ ልታስታምመው እቤቱ ገባች። አሥር ቀን ቆየች። እሱ ኮሚኮቹን የሚያስቀምጠው በሠዓሊ ስም ለይቶ ነው፤ እሷ እያነበበች በታተሙበት ዓመት ተራ ስትመልሳቸው ደረሰባት። በማግስቱ ሆቴል ያዘች። ከዚያ በኋላ ቀን ቀን እየመጣች ሾርባ ትሠራለት ነበር፤ ሣሎኑ ውስጥ አንድም ነገር ሳትነካ።

በግንቦት ሳንደስኪ ውስጥ የኮሚክ ባዛር ነበር፤ ከቶሊዶ ወደ ኢሪ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ዌንደል መንዳት ገና ስላልተፈቀደለት እኔ ወሰድኩት። ጄኔቪቭ በአውቶቡስ መጥታ እዚያ ጠበቀችን። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞሩ ተጨቃጨቁ። እሷ ከጀግኖቹ ይልቅ ክፉዎቹን ነው የምትወደው፤ «ቢያንስ ምን እንደሚፈልጉ ያውቃሉ» ትላለች። እሱ ሰባት ገዛ፣ እሷ ሁለት።

እሑድን ቶሊዶ ልትውል ስለነበር ስንመለስ ከእኛ ጋር ተሳፈረች። ሁለቱም ከኋላ ተቀመጡ፣ እሷ በቀኙ። ከሳንደስኪ ወጣን። ከዚያ ዌንደል ጉሮሮውን ጠረገ።

«የባልሽ ስም ማን ነበር?»

«ካዚሚር» አለች ጄኔቪቭ። «ካዝ ነበር የምንለው።»

«ኮሚክ ያነብ ነበር?»

«ኧረ የለም። ዓሣ ነው የሚያጠምደው። ዘፈንም አይወድም።»

«ታዲያ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

በመስታወቱ አየኋት፤ ወደ መስኮቱ ዞራለች። ከዚያ ትነግረው ጀመር። መንገዳችን ላይ ያለችው ፖርት ክሊንተን ከተማ እስክንደርስ አወራች፤ ዌንደልም አላቋረጣትም።